አምስት ሰከንድ፦ ደሴ ውስጥ በአንድ የቤት ኮምፒውተር ላይ የተገኘ የዲኤንኤስ ስህተት

ቤቱ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። የቤቱ እመቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ልጃቸው ከቤት ሆና ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ሰነዶችን ትተረጉማለች። የምትሠራው ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም በተጫነበት የቆየ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። እኔ የተጠራሁት ኢንተርኔቱ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስቸግር ከቆየ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። እትዬ ደውለው «ልጄ፣ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ እየው» አሉኝ።

ጥፋቱ ተፈልጎ ሲገኝ የአንዲት መስመር ጽሑፍ ሆነ። ያች መስመር ግን ሁለት ወር ጊዜና ቀላል ያልሆነ ገንዘብ በልታለች፤ የአራት ዓመት የትርጉም ሥራ የተቀመጠበትንም ዲስክ ልታስጠርግ ነበር። በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ችግሩ የጀመረው የመዳብ መስመሩ ወጥቶ ፋይበር በገባበት ሳምንት ነው። አሮጌው ራውተር ተነሣ፣ አዲስ ተተከለ። ስልኮቹ በዋይፋይ ያለ እንከን ሠሩ። በኬብል የተገናኘው ኮምፒውተር ግን ከዚያች ቀን አንስቶ ይዞት የማያውቀውን ጠባይ ያዘ፤ ልጅቱ አንድ የመዝገበ ቃላት ገጽ ስትከፍት ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይከፈታል። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በቀን ብዙ አስር ቃላት ከተለያዩ ገጾች ለምትፈልግ ተርጓሚ ግን ሐሳብ የሚበጥስ፣ ማታ ላይ ራስ የሚያዞር ነገር ነው።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው የመስመሩ ፍጥነት ነበርና ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ጥቅል ተገዛ፤ ለውጥ የለም። ኬብሉ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ኮምፒውተሩ ወደ አንድ ጥገና ቤት ተወስዶ አቧራው ተጠርጎ ተመለሰ፤ እዚያም «ሲስተሙ አርጅቷል፣ ፎርማት ተደርጎ ሌላ ይጫንበት» ተባለ። በመጨረሻ ልጅቱ ራሷ አንብባ የገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር ዲኤንኤስ የሚባል ነገር እንዳለ ደረሰችበት፤ በኔትወርክ ማስተካከያው መስኮት የጎግልን የዲኤንኤስ ሰርቨር አድራሻ 8.8.8.8 ብላ ጻፈችና ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ምንም አልተለወጠም። «ዲኤንኤስም አይደለም ማለት ነው» ብላ ከምትጠረጥራቸው ነገሮች ሰረዘችው።

ይህችን የመጨረሻ ሙከራ አንባቢ ልብ እንዲላት እፈልጋለሁ። ልጅቱ ሕመሙን በትክክል አውቃው ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ሕመሙ ያለበት ቦታ አልደረሰም። መድኃኒት ሳይደርስ ሲቀር ምርመራውን ሐሰት ማድረግ በዚህ ሥራ ላይ ከማያቸው ወጥመዶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚይዘው ነው።

ደህና የሆነው ምንድን ነው?

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ከተማው ወርዶ ብርዱ ጠንክሯል፤ እትዬ ቡና እያስቆሉ ነበር። ኮምፒውተሩን ሳልነካ ልጅቱን የጠየቅኳት «ምን ደህና ይሠራል?» ብዬ ነው። ስለተበላሸው ነገር ሁሉም ሰው ይናገራል፤ ስለ ደህናው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ትንሽ አሰበችና «ቪዲዮ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። ትልቅ ፋይል ሳወርድም ቶሎ ያልቃል። የሚያስቸግረኝ መጀመሪያው ነው» አለችኝ።

ለእኔ የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ነበር። መስመር ሲቀጥን ሁሉ ነገር ይቀጥናል፤ ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ ፋይሉም ይጎተታል። መንገዱ ሰፊ ሆኖ በሩ ላይ ብቻ የሚያስቆም ነገር ካለ፣ መፈለግ ያለበት በሩ ላይ ነው። የኢንተርኔት በር ደግሞ ስም ነው።

የደሴ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በእኛ ከተማ የሰው ቤት በመንገድ ስምና በቁጥር አይፈለግም። ከፒያሳ ወርዶ አንድ ሱቅ በር ላይ ይቆማል፤ «የእገሌ ቤት የት ነው?» ይባላል፤ ባለሱቁ በእጁ ያመለክታል። ኮምፒውተርም የሚያውቀው የገጹን ስም ብቻ ነው፤ ለመሄድ ግን እንደ 8.8.8.8 ያለ የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። ስሙን ሰጥቶ ቁጥሩን የሚጠይቀው ሱቅ የዲኤንኤስ ሰርቨር ይባላል። ጥያቄውን ቀድሞ የሚያቀርብለት ባለሱቅ ቤቱን ለቅቆ ከሄደስ? ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ መልስ ሲያጣ ወደ ሁለተኛው ሱቅ ይሻገራል። ቤቱ በመጨረሻ ይገኛል፤ መንገደኛው ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

መለካት

ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍቼ በመጀመሪያ 8.8.8.8ን «ፒንግ» በሚባለው፣ መልስ መኖሩን በሚፈትሽ ትእዛዝ ጠራሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ከተከታታይ ጥሪዎቹ አንድም አልጠፋም። ስለዚህ ኬብሉ፣ ራውተሩና ፋይበሩ ከደሙ ንጹሕ ናቸው። ቀጥዬ አንድ የታወቀ ገጽ በስሙ ጠራሁ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ቆመ። በልቤ ቆጠርኩ፤ አምስት ስል የመጀመሪያው መስመር ብቅ አለ። የመልሶቹ የጉዞ ጊዜ ግን ከቅድሙ የተለየ አልነበረም።

በልብ መቁጠር አይበቃምና «ጌትኤንት» በሚባለው ትእዛዝ የስም ፍለጋውን ብቻ ነጥዬ ለካሁ። አምስት ሰከንድና ጥቂት ሽርፍራፊ። ደገምኩ፤ እንደገና አምስት። በሌላ ስም፤ አምስት። መስመር ሲጨናነቅ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጃል፤ እንዲህ ያለ ክብ ቁጥር ሲደጋገም ግን ከጀርባው ሰው የጻፈው የጥበቃ ገደብ አለ ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ስም የሚጠይቁበት ጂሊብሲ የሚባለው የጋራ ክፍል፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር አንድ ሰርቨር መልስ እስኪሰጠው በትክክል 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ያባከንኩት ጊዜ አለ። አዲስ ራውተር ሲገባ የአይፒ ስሪት 6 አድራሻ (አዲሱን ዓይነት የኢንተርኔት ቁጥር) እየሰጠ መንገዱ ግን ካልተከፈተ ተመሳሳይ መንቀርፈፍ ሊመጣ ይችላል። ይህን ጠርጥሬ ስሪት 6ን ዘጋሁና ለካሁ፤ አሁንም አምስት። መልሼ ከፈትኩት። ግማሽ ሰዓት ሄደብኝ፤ ያ ጥርጣሬ ሳይመረመር ቢቀር ግን እስከ መጨረሻው ያሳስበኝ ነበር። የኮምፒውተሩንም ሰዓት አየሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ በቆየ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰዓት ሲሳሳት ደግሞ የገጾች ዲጂታል የምስክር ወረቀት ተቀባይነት ያጣል። ሰዓቱ ትክክል ነበር።

«ሆስትስ» የሚባለውንም ፋይል ከፈትኩ። ይህ ፋይል ከዲኤንኤስ ይበልጣል፣ በዕድሜ ማለቴ ነው። ቀድሞ በኔትወርኩ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ዝርዝር ተይዞ፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ያንን ዝርዝር ይገለብጥ ነበር። ዝርዝሩ እየገዘፈ ሲያስቸግር ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስን ነደፈ፤ የጥንቱ ዝርዝር ግን በየኮምፒውተሩ ውስጥ በዚህች ትንሽ ፋይል ተወክሎ ቀርቷል። አንድ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ከጻፈበት ኮምፒውተሩ ዲኤንኤስን ሳይጠይቅ እርሱን ያምናል። በዚህኛው ላይ ምንም የተጨመረ ነገር አልነበረም።

«ባዕድ» የምትለው ቃል

አሁን ዋናው ጥያቄ ቀረ፤ ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው ማንን ነው? «ሪዞልቭ ሲቲኤል» የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። በኬብሉ መስመር ሥር ልጅቱ የጻፈችው 8.8.8.8 በግልጽ ይታያል። እርሷም በትከሻዬ ላይ አይታ «ይኸው፣ ብዬ ነበር፤ ትክክል ነው» አለች። በዚሁ ትእዛዝ ስም ስጠይቅ እንኳ መልሱ በቅጽበት መጣ። በዚያው ደቂቃ «ጌትኤንት» አምስት ሰከንድ ይፈጃል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ መጣ ማለት ነው።

የገለጠልኝ በገጹ አናት ያለች አንዲት ቃል ናት፤ የሚጠየቁት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች የሚጻፉበት የ«ሪዞልቭ ኮንፍ» ፋይል ሁኔታ «ፎሪን» ይላል፤ ባዕድ እንደ ማለት። ኡቡንቱ ላይ «ሪዞልቭ ኮንፍ» በጤናው እውነተኛ ፋይል አይደለም። «ሲስተም-ዲ ሪዞልቭድ» የሚባለው አገልግሎት ወደሚያዘጋጀው ፋይል የሚያመለክት ጠቋሚ ነው፤ በውስጡም 127.0.0.53 ይገኛል፤ ኮምፒውተሩ «ራስህን ጠይቅ፣ የቀረውን እኔ አውቃለሁ» የሚልበት አድራሻ ነው። ሁኔታው «ባዕድ» ከሆነ ግን ያንን ጠቋሚ አንሥቶ በቦታው የራሱን ፋይል የተከለ ሌላ እጅ አለ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው 192.168.1.1፣ ሁለተኛው 8.8.8.8።

አዲሱ ራውተር አድራሻው 192.168.100.1 ነው። 192.168.1.1 የአሮጌው ራውተር አድራሻ ነበር፤ ያ ራውተር ከተነሣ ሁለት ወሩ። ኮምፒውተሩ ስም በፈለገ ቁጥር ከቤቱ የወጣውን ሳጥን እየጠራ አምስት ሰከንድ ይጠብቅ ነበር። ፋየርፎክስ ደግሞ ያገኘውን አድራሻ በራሱ የሚያስታውሰው ለ60 ሰከንድ ያህል ነው፤ ልጅቱ አንድ አንቀጽ ተርጉማ ወደዚያው መዝገበ ቃላት ስትመለስ ጥበቃው ከእንደገና ይጀምራል። አንድ የዜና ገጽ ሥዕሉን፣ ፊደሉንና ማስታወቂያውን ከተለያዩ ቦታዎች ስለሚያመጣ ከአሥር የሚበልጡ ስሞች ሊጠይቅ ይችላል። ቪዲዮው ግን አንዴ አድራሻውን ካገኘ በኋላ ስም አይጠይቅም። ልጅቱ የነገረችኝ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ።

ያን ማታ ደጋግሜ ያሰብኩት ሌላ ነገርም አለ። ሁለተኛዋ መስመር ባትኖር ኖሮ ጂሊብሲ የሞተውን አድራሻ ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ አሥር ሰከንድ ያህል ሞክሮ «ስሙን ማግኘት አልተቻለም» ይል ነበር። ኢንተርኔቱ በአዲሱ ራውተር የመጀመሪያ ቀን ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ ራውተሩን የተከሉት ባለሙያዎችም እዚያው ቆመው መልስ ይፈልጉለታል። ተጠባባቂው 8.8.8.8 ሥራውን በታማኝነት ሠራ፤ በመሥራቱም የዋናውን ሞት ሸፈነው። ፈጽሞ የማይሠራ ነገር ቶሎ ጠጋኝ ያገኛል፤ እያነከሰ የሚሠራ ግን ሰው ይለምደዋል፣ ሌላ ምክንያትም ይሰጠዋል።

የተቆለፈው ፋይል

መስመሩን ለማጥፋት ስሞክር ሌላ ግድግዳ ገጠመኝ። በአስተዳዳሪ ሥልጣን ገብቼም ኮምፒውተሩ «አይፈቀድም» አለኝ። ሊኑክስ ላይ አስተዳዳሪውን የሚከለክል ነገር ጥቂት ነው። «ኤልኤስ አትር» በሚባለው ትእዛዝ ስመለከት ከፋይሉ ስም ፊት አንዲት ፊደል ተቀምጣለች፤ ፋይሉ እንዳይነካ በ«ቻትር» ተቆልፏል። የልጅቱ ሙከራ የመከነው በዚህ ነው። የኔትወርክ ማስተካከያው መስኮት የጻፈችውን ተቀበለ፣ ለአገልግሎቱም አስተላለፈ፤ ፋይሉ ግን ስለተቆለፈ ሳይነካ ቀረ። ብራውዘሯን ጨምሮ አብዛኛው ፕሮግራም የሚያነበው ደግሞ ያንኑ የተቆለፈ ፋይል ነው።

ቁልፉን ከመክፈቴ በፊት ማን እንደ ቆለፈውና ለምን እንደ ሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ማንም ሰው ያለ ምክንያት ፋይል አይቆልፍም፤ ምክንያቱ ዛሬም ካለ ቁልፉን መክፈት ሌላ ችግር መጥራት ነው። እትዬን ጠየቅኋቸው። «ይህን ኮምፒውተር ያዘጋጀልን የእህቴ ልጅ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው» አሉና በስልክ የሐረጎን ተራራ ተሻግረው አገናኙኝ።

ልጁ ወዲያው አስታወሰ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የቪፒኤን ፕሮግራም፣ ማለትም ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ፣ ጭኖ ነበር፤ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር «ሪዞልቭ ኮንፍ»ን እየጻፈበት ኢንተርኔቱን ያቋርጠዋል። ፕሮግራሙን ቢያጠፋውም ርዝራዡ አልለቀቀውም። የአክስቱ ልጅ በማግሥቱ የምታስረክበው ሥራ ነበራት። ስለዚህ ሌሊት ላይ ፋይሉን በእጁ ጻፈው፣ የቅርቡን ራውተር አስቀደመ፣ 8.8.8.8ን አስከተለ፣ ቆለፈው። «ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ሐዘን ነበር። አብሽር አልኩት። በዚያ ሌሊት ያደረገው ትክክል ነበር፤ የአክስቱ ልጅም ሥራዋን በሰዓቱ አስረክባለች። የጎደለው ያደረገውን የሚናገር አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ የቀረ ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይታይ ቁጭ አለ።

የቪፒኤኑ ርዝራዥ አሁንም እንዳለ ፈለግሁ። አንድ በየመነሻው የሚጀምር አገልግሎት ቀርቶ ኖሯል፤ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ጥገናው ደቂቃዎች ወሰደ። የፋይሉን ቅጂ በሌላ ቦታ አስቀመጥኩ፣ ቁልፉን ፈታሁ፣ ፋይሉን አንሥቼ በቦታው ወደ አገልግሎቱ የሚያመለክተውን ጠቋሚ መለስኩ፣ አገልግሎቱን አስነሣሁ። «ባዕድ» የምትለው ቃል ጠፍታ በምትኩ የጤናማ ሁኔታ ስም መጣ። እንደገና ለካሁ፤ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች። ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ስም ስጠይቅ አገልግሎቱ መልሱን ከማስታወሻው ስለሰጠ መለኪያው ላይ የሚነበብ ጊዜ አልቀረም።

ልጅቱ ተቀምጣ መዝገበ ቃላቷን ከፈተች። ሌላ ከፈተች። ሦስተኛ። እጇን ከመዳፊቱ ላይ አንሥታ ዝም አለች፤ እናቷ «ምነው፣ አሁንም ነው?» ብለው ሲደነግጡ ነው የሳቀችው።

የተወሰኑ ውሳኔዎች

ልጅቱ በመስኮቱ ውስጥ የጻፈችውን 8.8.8.8 ልተወው ወይስ ላንሣው የሚለው አከራክሮናል። እርሷ ይቆይ አለች፤ የጎግል ሰርቨር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ ብዙ ሰው የሚተማመንበት ነው። ክርክሯ መሠረት አለው፤ የራውተሩ ዲኤንኤስ የሚያስቸግርበት ቤት ቢሆን እኔም እደግፋት ነበር። እዚህ ግን ስልኮቹ ሁለት ወር በራውተሩ ዲኤንኤስ ያለ ችግር ሠርተዋል። በእጅ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ አንድ ቀን ከዙሪያው ጋር ሳይስማማ ይቀራል፤ በራውተሩ በራሱ የሚሰጥ ቁጥር ግን ራውተሩ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ወደ ራስ ሰር መለስነው። ስለ ቤቱ ሁሉ ዲኤንኤስ መወሰን ካስፈለገ ራውተሩ ላይ አንድ ጊዜ መወሰን ይሻላል፤ አለዚያ ስልኩና ኮምፒውተሩ የተለያየ ነገር እያዩ የሚቀጥለውን መርማሪ ያደናግራሉ።

ወረቀቱን ልጅቱ ራሷ በእጇ ጻፈችው። ቀኑን፣ የተነሣውን መስመር፣ የተከፈተውን ቁልፍ፣ የጠፋውን አገልግሎት፣ የአዲሱን ራውተር አድራሻ፣ የድሮው ፋይል ቅጂ የት እንደ ተቀመጠ ጻፈችና ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፈችው። ያንኑ ቃል በኮምፒውተሩ ላይም በጽሑፍ ፋይል አኖረችው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ኢንተርኔት ውስጥ ያለ ማስታወሻ አይነበብምና ወረቀቱን እኔ በጣም ወደድኩት።

ከአንድ ወር በኋላ ደውዬ ጠየቅሁ። በመካከሉ መብራት ብዙ ጊዜ ሄዶ መጥቷል፣ ራውተሩም ተነሥቷል፤ የስም ፍለጋው ጊዜ አልተለወጠም። ውዱ ጥቅል ቀርቶ ወደ ቀድሞው ተመልሰዋል። ኮምቦልቻ ያለው ልጅ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ባለፉት ዓመታት ለዘመድ ያዘጋጃቸውን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አስታውሷል። ሁለቱ ላይ ያንኑ ፋይል ቆልፎ ኖሯል። አንደኛው ቤት ገና በመዳብ መስመር ላይ ስለሆነ ምንም የሚታይ ችግር አልነበረበትም፤ ፋይበሩ ሳይገባ ቁልፉን ፈትቶ፣ እርሱም በየመሳቢያው ወረቀት ለጥፎ ተመልሷል።